ታስሮ ስለሚፈተን እሳት

ነገ የሀገራችሁን ልጆች ለማስተማር በዚህ በኮተቤ የተሰበሰባችሁ ወጣቶች፤

በታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ዘጠኝ ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን፣ ኢ.ቲ. ስማርት አር.ኤስ.ኤስ. የተባለች፣ ሁለተኛዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት በቻይና አገር ሃይናን ከምትባለው ደሴት፣ ከዌንቻንግ ማምጠቂያ ጣቢያ ተነሥታ ወደ ጠፈር ወጣች። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ታላቅ እኅቷ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. አንድ ስትወጣ የተሸከማት ሎንግ ማርች 4ቢ ብዙ ጊዜ የተላከ፣ ጠባዩም የታወቀ ሮኬት ነበር፤ ታናሺቱን የተሸከማት ሎንግ ማርች 8 ግን ከዚያች ዕለት በፊት ከምድር ተነሥቶ የማያውቅ፣ የበኵር ጉዞውን የሚጀምር ሮኬት ነበረ። እንግዲህ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚያች ዕለት አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነው፤ ይኸውም፣ በርሮ በማያውቅ ሮኬት ላይ የአንድን ሀገር ድካም ለመጫን የሚያደፋፍረው እምነት ከየት ተገኘ የሚለው ነው።

መልሱ ሮኬቱ ባይበርርም ሞተሮቹ አስቀድመው ነድደው የነበሩ መሆናቸው ነው። የሎንግ ማርች 8ን የታችኛውን አካልና ሁለቱን ጎኖቹን የሚገፉት አራት ሞተሮች ዋይ.ኤፍ. 100 የተባሉ፣ ነጭ ጋዝና ፈሳሽ ኦክሲጅን እያነደዱ እያንዳንዳቸው 120 ቶን ያህል የሚገፉ ናቸው፤ እነርሱም በሌሎች ሮኬቶች ሥር ሆነው ወደ ሰማይ ከመውጣታቸው አስቀድሞ በምድር ላይ በብረትና በኮንክሪት ታስረው፣ ነድደው፣ ተለክተው፣ ተፈትተው፣ ተመርምረው፣ እንደገናም ነድደው ነበር። የሮኬቱ ሠሪዎች ደግሞ ወደ ፊት የታችኛው አካሉ ተመልሶ አርፎ ዳግመኛ እንዲያገለግል ለማድረግ ማሰባቸውን በይፋ ተናግረዋል፤ ስለዚህ የእኛዪቱ ትንሽ ሳተላይት የተሳፈረችው ተመላላሽ ሮኬት ለማግኘት በሚደረገው ረጅም ጉዞ ጅማሬ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል።

የሮኬት ሞተር በምድር ላይ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ሞተሩ ወደ መፈተኛው ማማ ይወጣና ግንባሩ ከማማው ብረት ጋር ይታሰራል፤ በግንባሩና በማማው መካከል ገፊ ኃይሉን በቶን የሚመዝኑ መለኪያዎች ይገባሉ፤ በየቧንቧውና በየፓምፑ ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ንዝረትንና የመዞርን ፍጥነት የሚቆጥሩ ብዙ መለኪያዎች ይተከላሉ፤ ከእግሩ ሥር ነበልባሉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ተሠርቶለታል፤ ብረቱና ኮንክሪቱ እንዳይቀልጡም በዚያ ቦይ ላይ እንደ ጎርፍ ያለ ውሃ ይለቀቃል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነጭ ደመና ሆኖ የሚታየውም ብዙው ይኸው ወደ እንፋሎት የተለወጠ ውሃ ነው። ባለሙያዎቹ ወፍራም ግድግዳ ካለው ክፍል ሆነው ትእዛዝ ሲሰጡ እሳቱ ይነሣል፤ ለመብረር የተሠራውም ነገር ኃይሉን ሁሉ እያወጣ ሳለ ከቦታው ስንዝር ታህል አይነቃነቅም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በፈረንጆች ማርች 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄደውን የመጀመሪያውን ሮኬት ከመስደዱ በፊት፣ በዲሴምበር 1925 ሞተሩን አስሮ አንድዶ የራሱን ክብደት ሊያነሣ መቻሉን አረጋግጦ ነበርና፣ ይህ ሥርዐት ከዘመናዊው ሮኬት ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

አበው ሥጋዊ ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንደ ተገኘ ያስተምሩን ነበር፤ እኔም የሮኬትን ሞተር በመረመርሁ ቁጥር አራቱ እንዲህ ባለ ጠብ ተጣልተው፣ እንዲህም ባለ ስምምነት ተስማምተው በአንድ ቤት የሚኖሩበት ሌላ የሰው እጅ ሥራ ይኖራል ብዬ ለማሰብ ይቸግረኛል። አሜሪካኖች ለተመላላሹ የጠፈር መንኮራኩራቸው ለስፔስ ሸትል የሠሩትን አር.ኤስ. 25 የተባለውን ሞተር እንመልከት፤ ተመልሰው እንዲያገለግሉ ታስበው ከተሠሩት ታላላቅ ሞተሮች ቀዳሚው፣ ታሪኩም ከሁሉ ይልቅ በሰፊው የተጻፈለት ነውና የዛሬው ንግግሬ ብዙው በእርሱ ላይ ይሆናል። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ኦክሲጅን ይገቡበታል፤ በማቃጠያው ክፍል ሲገናኙም 3,300 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ እሳት ይሆናሉ፤ ከዚያ ሁሉ እሳት የሚወለደው ደግሞ እንፋሎት ነው፣ ማለት ውሃ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ያህል ነው። ሃይድሮጅኑን የሚገፋው ፓምፕ ብቻውን 350 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን በደቂቃ ከ35,000 ጊዜ በላይ እየዞረ ከ70,000 የፈረስ ጉልበት የሚበልጥ ኃይል ያወጣል፤ ይህም በሜጋ ዋት ሲቈጠር ከ50 የሚያልፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አዋሽን ገድቦ ለዚህች ለአዲስ አበባ ከተማ መብራት የሰጠው የቆቃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው 43 ሜጋ ዋት ለማውጣት እንደ ነበረ ስታስቡ፣ ጥቂት ጎልማሶች ሊያነሡት በሚችሉት ብረት ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደ ተከማቸ ትረዱታላችሁ።

አንድ ጊዜ ነድዶ ለሚጣል ሞተር የፈታኙ ጥያቄ አንድ ነው፤ በሚፈለግበት ጊዜ ይነሣል ወይ፣ እስኪፈጽምስ ድረስ ይጸናል ወይ የሚል ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደው የሳተርን 5 ሮኬት ኤፍ 1 ሞተር ነበልባሉ በራሱ እየተናወጠ ብረቱን ይቀድድ ስለ ነበር፣ መሐንዲሶቹ ሞተሩ እየነደደ ሳለ ውስጡ ትንሽ ፈንጂ እያፈነዱ ነበልባሉ ተመልሶ ጸጥ ይል እንደ ሆነ ሲመለከቱ፣ ነዳጅ የሚረጭበትንም ሳህን ቅርጽ ሲለዋውጡ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሙከራ አድርገዋል። ነገር ግን ተመልሶ ለሚያገለግል ሞተር ሌላ፣ ከዚህም የጠለቀ ጥያቄ ይጨመርበታል፤ ከነደደ በኋላ እንደ ነበረ ይገኛል ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ዓይነቱ ሞተር እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው በሁለተኛው መንደድ ነው፤ የመጀመሪያው የሠሪውን ጥበብ ያሳያል፤ ሁለተኛው፣ ዐሥረኛውና ሃያኛው ግን የብረቱን ትዕግሥት ይገልጣሉ።

የብረትን ትዕግሥት የሚጨርሰው ምን እንደ ሆነ እንጀራ የምንጋግርበት የሸክላ ምጣድ ያስተምረናል። ምጣድ የሚሰነጠቀው በእሳት ብዛት አይደለም፤ እሳትና ብርድ ሲፈራረቁበት፣ አንዱ ወገኑ ግሎ ሌላው ሳይግል ሲቀር ነው እንጂ። የአር.ኤስ. 25 የማቃጠያ ክፍል የውስጥ ግድግዳ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ፣ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በአንዱ ፊቱ ያ ኃይለኛ እሳት፣ በሌላው ፊቱ ያ ኃይለኛ ብርድ ያለው ሃይድሮጅን ያልፋል። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይህ ስስ ግድግዳ ይለጠጣል፣ በጠፋ ቁጥር ይሸበሸባል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ የሚጀምረው፣ በጊዜ ብዛትም የሚያድገው በዚህ ነው። ስንጥቁ መቼ እንደሚጀምር፣ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ የቱ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩ ጡረታ መውጣት እንደሚገባው ሒሳብ ሊገምት ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ግን እያነደዱ፣ እየፈቱ፣ እየተመለከቱ መቈየት ብቻ ነው።

አር.ኤስ. 25 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ዛሬ ስቴኒስ በሚባለው መፈተኛ ስፍራ የመጀመሪያ ሙከራው የተደረገለት በፈረንጆች ሜይ 1975 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሃይድሮጅኑ ፓምፕ ዘንግ መዞሩ ሳያንሰው፣ ከመዞሩ ፍጥነት ግማሽ ገደማ በሚሆን ሌላ ፍጥነት ከመሃሉ እየሸሸ መንከራተት ጀመረ፤ ኩሽኔታዎቹ ተጐዱ፤ ሞተሩም ወደ ሙሉ ኃይሉ እንዳይወጣ ታገደ። መሐንዲሶቹ ዘንጉንና ኩሽኔታ የሚይዘውን ክፍል አጠንክረው፣ በፓምፑ ደረጃዎች መካከል ያሉትን ማሸጊያዎች ለውጠው ከዚያ ሕመም እስኪፈውሱት ድረስ ብዙ ወራት አለፉ። በ1977 ደግሞ የኦክሲጅኑ ፓምፕ በሙከራ መካከል ጋየ፤ ንጹሕ ኦክሲጅን ባለበት ብረቱ ራሱ ነዳጅ ይሆናልና፣ እሳቱ ስለ መንሥኤው ሊመሰክር ይችል የነበረውን ብረት ጭምር በላው። የተርባይኖቹ ምላስ የሚሰነጠቅበትም ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ መከራ በምድር ላይ፣ ሰው በሌለበት ማማ ላይ ስለ ተፈጸመ፣ ሸትሉ በኤፕሪል 1981 ሁለት ሰዎች ይዞ መጀመሪያ ሲነሣ ሦስቱም ሞተሮቹ ሥራቸውን ሳያጓድሉ ፈጸሙ።

ከዚያም በኋላ ፈተናው አልቀረም፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። ሸትሉ እስከ ፈረንጆች 2011 ድረስ 135 ጊዜ በረረ፤ ለዚህም አገልግሎት የዋሉት ሞተሮች 46 ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር በአማካይ ከስምንት ጊዜ በላይ ተመላልሷል። በ1996 ዓ.ም. የሞተሮቹ የመንደድ ጊዜ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ሴኮንድ ሞላ። አንድ በረራ ስምንት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ የሚያነድዳቸው ስለ ሆነ ሒሳቡን ብትሠሩት፣ ከዚያ ሚሊዮን ውስጥ በበረራ ያለፈው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ታስረው የነደዱበት ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር። ሞተሩ ሲታቀድ ዋና እድሳት ሳይሻ 55 ጊዜ እንዲነሣ ታስቦ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ፓምፖቹ እየወረዱ ይመረመሩ ነበር። በፈረንጆች 1995 አዲስ የኦክሲጅን ፓምፕ፣ በ2001 አዲስ የሃይድሮጅን ፓምፕ ተተክተው ሸክሙ እስኪቀል ድረስ፣ ያ ሞተር ተመላላሽ ይባል እንጂ ከጋራዥ የማይለይ ነበረ። ሞተር በተመለሰ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ፣ ከመመለሱ የሚገኘው ትርፍ በሠራተኛው እጅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጡት ፈታኞች ሞተሩ መንደዱን ብቻ ሳይሆን፣ በአንዱ መንደድና በሚከተለው መካከል ያለውን ሰዓት መቍጠር ጀመሩ።

የዚህ ቍጥር ትልቁ ምሳሌ በፈረንጆች 2018፣ በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ፣ በዚያው በስቴኒስ የተደረገው ሙከራ ነው። ኤሮጀት ሮኬትዳይን የተባለው ኩባንያ ከአር.ኤስ. 25 ቅሪት ክፍሎች ያቆመውን ኤ.አር. 22 የተባለ ሞተር በ240 ሰዓት ውስጥ ዐሥር ጊዜ፣ በየጊዜውም 100 ሴኮንድ አነደደው። በዚህ ሙከራ ባለሙያዎቹን ያስጨነቃቸው እሳቱ አልነበረም፤ ከእሳቱ የተወለደው ውሃ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ እንፋሎቱ በየቧንቧውና በየኩሽኔታው ውስጥ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘው ሃይድሮጅን ዳግመኛ ሲገባ ያች ጤዛ በረዶ ሆና መንገድ ብትዘጋ ወይም ምላስ ብትሰብር ጥፋት ነው። ስለዚህ ሞቅ ያለ ደረቅ ጋዝ እየነፉ ሞተሩን ማድረቅ፣ መድረቁንም መለካት፣ የሥራው ሁሉ አንገት ሆኖ ተገኘ። ያን ሞተር ሊሸከም የታሰበው የጠፈር አውሮፕላን በ2020 ተትቷል፤ ሞተሩን የፈተኑት ግን እንዲህ ያለውን ሞተር በአንድ ቀን ውስጥ አድርቆ ለዳግም እሳት ማዘጋጀት እንደሚቻል አረጋግጠዋል፤ ይህ ዕውቀት ከአውሮፕላኑ ጋር አልተቀበረም።

ነጭ ጋዝ የሚያነድዱት ሞተሮች ሌላ ጠላት አላቸው፤ እርሱም ጥቀርሻ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ የስፔስ ኤክስ ፋልከን 9 ሮኬት በዚሁ ነዳጅ እየሄደ የታችኛው አካሉ ከ20 ጊዜ በላይ ተመላልሶ ስላገለገለ ጥቀርሻው የማይቻል ጠላት እንዳልሆነ ታይቷል፤ ሆኖም ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ንጹሕ ሆኖ ወደሚነድደው ወደ ሚቴን ተሻግረዋል፤ በጁላይ 2023 የቻይናው ዡቼ 2 በሚቴን እየተገፋ ወደ ምሕዋር ለመድረስ የመጀመሪያው ሮኬት ሆኗል። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የብሉ ኦሪጂን ቢ.ኢ. 4 የሚቴን ሞተር በምዕራብ ቴክሳስ ማማ ላይ በተነሣ በዐሥር ሴኮንድ ገደማ ፈነዳ፤ ጋዜጦችም ይህን እንደ ውርደት ጻፉት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የፈነዳው ሞተር ወደ ሮኬት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሞተር የሚያልፍበትን የመቀበያ ፈተና በማለፍ ላይ የነበረ ነው፤ ጉድለቱም ተሰውሮ ከደመና በላይ ከሚገለጥ ይልቅ ሰው በሌለበት ማማ ላይ መገለጡ ፈተናው የቆመለት ዓላማ ራሱ ነው። የዚያ ሞተር ወንድሞች በጃንዩዌሪ 2024 ቩልካን የተባለውን ሮኬት በመጀመሪያ በረራው ያለ እንከን አንሥተውታል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ኮተቤ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ከዚህ ወደ ካራ፣ ከካራም ወደ እንጦጦ ራስ ስንወጣ ከፍታው እየጨመረ፣ የጠፈር ሳይንስ ሶሳይቲያችን አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ቴሌስኮፖች ካቆመበት ከታዛቢው ጣቢያ ዘንድ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በኮተቤ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ይህ ለሮኬት ሞተር ምን ማለት እንደ ሆነ በጠመኔ ልናሰላው እንችላለን። አር.ኤስ. 25 አየር በሌለበት ጠፈር 232 ቶን ይገፋል፤ በባሕር ዳርቻ ግን አየሩ የሞተሩን የደወል አፍ መልሶ ስለሚገፋው 190 ቶን ገደማ ብቻ ይቀርለታል፤ አየሩ የሚነፍገው 42 ቶን ያህል ነው ማለት ነው። በኮተቤ አየሩ የሚነፍገው የዚህን ሦስት አራተኛ፣ ማለት 32 ቶን ገደማ ስለሚሆን፣ ያው ሞተር እዚህ ቢታሰር 200 ቶን ይገፋ ነበር፤ ደጋው ብቻውን ዐሥር ቶን ይመርቅለታል። ሰፊ አፍ ያላቸው ሞተሮች ወፍራም አየር ባለበት ሲፈተኑ ነበልባሉ ከደወሉ ግድግዳ ተላቅቆ ወዲያና ወዲህ ስለሚንገላታ፣ በየሀገሩ አየር እየመጠጡ ከፍታን የሚያስመስሉ ውድ ቤቶች ተሠርተዋል፤ የእኛ ተራሮች ያን ሁሉ ባይተኩም ከዚያ መንገድ ጥቂቱን በተፈጥሮ የተጓዙ ናቸው።

ይህን ስል ትልቅ ሞተር በየካ ተራራ ይፈተን ማለቴ አይደለም። የስቴኒስ መፈተኛ የድምፁን ጥቃት ለመከላከል 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከሰው መኖሪያ ነጻ ሆኖ ተከልሎለታል፤ ይህም የመላዋን የአዲስ አበባን ስፋት ሊያህል ምንም አይቀረው፤ በዚያ የነበሩ መንደሮችም ተነሥተዋል። ቤቱ ጥግ ለጥግ ተያይዞ ወደ ኮረብታው በሚወጣበት በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለውን ነገር የሚመኝ ሰው አይኖርም።

ነገር ግን ሞተርን አስሮ መፈተን ለሀገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። ከዚህ ብዙ በማይርቀው በቦሌ፣ በ1938 ዓ.ም. መብረር የጀመረው፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ ጄት ዘመን የገባው አየር መንገዳችን የጄት ሞተሮችን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አድሶ፣ ወደ አውሮፕላኑ ከመመለሱ በፊት በመፈተኛ ቤት አስሮ ያነድዳቸዋል። የጄት ሞተር ከሮኬት ሞተር በብዙ ይለያል፤ ሆኖም ተመልሶ የሚያገለግልን እሳት የመመርመር ልማድ፣ ማለት በየሰዓቱ መመዝገብ፣ የንዝረትን ቋንቋ ማዳመጥ፣ አንዲት ስንጥቅ ስትታይ ለመቆም መድፈር፣ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች በየቀኑ የሚኖሩበት ሥርዐት ነው። በከፋ ቦንጋ ተወልደው፣ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፣ በአሜሪካ የጠፈር ሥራ ስማቸውን ያስጠሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ይህን መንገድ የጀመሩት ከዚሁ ሀገር የትምህርት ገበታ ተነሥተው ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሳተላይቶች ለማውጣትና ከእንጦጦ ሆነን ለማነጋገር የበቃነው በሌሎች ሞተሮች ላይ ተሳፍረን ነው፤ በዚህ አላፍርም፤ ነገር ግን ወደዚህ ጥበብ በራሳችን እግር የምንገባበት ደጅ ማስወንጨፊያው ሳይሆን መፈተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለመምህራን መናገሬ ስለ ሌላ ምክንያት አይደለም፣ ደጁ የሚከፈተው በክፍል ውስጥ ስለ ሆነ ነው።

የሞተር ሠሪዎች እሳት ከመለኰሳቸው በፊት በውሃ ይፈትናሉ፤ ፓምፑንም የሚረጨውንም ሳህን መጀመሪያ የሚያዩት ንጹሕ ውሃ አሳልፈውበት ነው። ይህ ደግሞ አንድ የትምህርት ቤት ወርክሾፕ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። የናስ ሳህን ተበስቶ ከቧንቧ ጋር ይታሰር፤ የውሃው ግፊት በመለኪያ ይነበብ፤ ከየቀዳዳው የሚወርደው በየብርጭቆው ተጠራቅሞ በሚዛን ይመዘን፤ አንዱ ተማሪ ይለካ፣ ሌላው ይመዝግብ፣ ሦስተኛው የሁለቱን ሥራ ይመርምር። አንዱ ቀዳዳ ከጓደኞቹ አብልጦ ካፈሰሰ፣ በእሳቱ ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ እንደሚቃጠል መምህሩ በዚያው ቦታ ያስረዳ። ሳህኑ ይፈታ፣ ይታረም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይታሰርና እንደገና ይለካ፤ የሁለቱም ሳምንት ቍጥሮች በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፉ።